በቦዩ ዳር የከረመው ስንዴ

ቦሌ ቡልቡላ፣ የካቲት 19 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለተኽላይ
መቀሌ

ያንተን ጤና፣ የባለቤትህንና የልጆችህን ደኅንነት እየጠየቅሁ እጀምራለሁ። ስምህ ጠፍቶ ከዚህ ሰፈር ከሄድክ አሥራ ሰባት ወር ሆነ፤ ይህ የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ዓይኔ ያያል። አንተ የእኩል ታርሰው የነበረው የወይዘሮ አሰፋሽ መሬት ዘንድሮ ሽምብራ ተዘርቶበት ምርቱ በደኅና ገብቷል። ያ ጥቁር አፈር ውሃው ቶሎ ስለማይወርድ ዘሩን እስከ መስከረም መጨረሻ አቆይተውት ነበር። ስንዴ በስንዴ ላይ መደጋገም በሽታ ያከርማል ትል የነበርከው አንተ ነህ። ያኔ አልሰማሁህም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በቅደም ተከተል እጽፍልሃለሁ፤ ሌላ መንገድ አላውቅም።

በጥር መጨረሻ ተማሪዬ የነበረችው ሀጀር ልትጠይቀኝ መጣች። አሁን የእርሻ ባለሙያ ሆናለች። በቦዩ ዳር ያሉትን ስድስት የስንዴ መደቦቼን ላሳያት ወሰድኳት። ለንጹሕ ዘር ብዬ በጋውን ሁሉ ውሃ እየመራሁ የማቆያቸውን ታስታውሳለህ። አንተ «ጋሼ፣ መሬቱን ትንሽ ያሳርፉት እንጂ» ስትለኝ «ዘሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ» ብዬ ዝም አሰኝቼህ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ስንዴ በጋውን ሙሉ እንዲህ አረንጓዴ ነው?» አለችኝ።

«ዓመቱን ሙሉ!» አልኳት በኩራት።

ጎንበስ ብላ አንድ ቅጠል በጣቶቿ አሸችና እጇን አሳየችኝ። ጣቶቿ ቢጫ ሆነዋል። «ዋግ ነው» አለች።

«ከዘሩ ጋር የገባ ይሆናል» አልኩ።

«ኧረ ጋሼ! ዋግ በጆንያ አይጓዝም። የሚኖረው አረንጓዴ ቅጠል ላይ ነው፤ ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚወስደው ነፋስ ነው። ሰው ሁሉ አጭዶ መሬቱ ሲደርቅ መጠለያ ያጣል። እርስዎ ግን ክረምት እስኪመጣ ቤት ሰጡት።»

የእኛን ጉዳይ ስለማታውቅ እየሳቀች ነው የተናገረችው። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ።

በመስከረም 1988 የሰፈሩ ስንዴ ሁሉ ፍሬ ሳይቋጥር ሲቃጠል፣ ዕድሩ ፊት ተነሥቼ «ይህ በሽታ ተኽላይ ከእንደርታ ባመጣው ዘር የገባ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ማስረጃ አምጣ ያለኝ የለም። መምህር ተናገረ፣ አለቀ። ጎረቤታችን አብዱልናስር ካንተ የወሰደውን ዘር ለአህያው ሰጠ። ወይዘሮ አሰፋሽ ሌላ አራሽ ፈለጉ። አንተ «ጋሼ፣ እርስዎም?» ብቻ አልከኝ። በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ስትሳፈር አልሸኘሁህም።

ሀጀር እንደሄደች የ1987ን የማሳ ደብተሬን አወጣሁ። ግንቦት 23 ቀን በራሴ እጅ እንዲህ ይላል፦ «ቦይ ዳር፣ ሦስተኛ መደብ፣ ቅጠል ላይ ቢጫ ብናኝ። ክትትል ያስፈልገዋል።» ያንተ ጆንያ የገባው ሰኔ 9 ቀን ነው፤ እሱንም ጽፌዋለሁ። አሥራ ስድስት ቀን ይቀድመዋል።

ረስቼው ነበር ብዬ ልጽፍልህ አስቤ ነበር። ነገር ግን ዕድሩ ፊት ስቆም ያ ደብተር በብብቴ ነበር። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ባለፈው እሑድ ዕድሩ ሲሰበሰብ እንደገና ተነሣሁና ገጹን አነበብኩ። መሀል ላይ አውሮፕላን አናታችን ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ድምፄ ጠፋ። ሰብሳቢው «አልሰማንም፣ ይድገሙልን» አሉኝ። ስለዚህ «ተኽላይ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለውን ሁለት ጊዜ ተናገርኩ። ሁለተኛው ይበልጥ ከበደኝ።

«አህያዬንማ ዋግ አልያዛትም ብዬ ያኔውኑ ተናግሬ ነበር» አለ አብዱልናስር። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። «መምህር፣ እኛ እኮ እርስዎ ያሉትን አናጣራም። ልጆቻችንን ያስተማሩ ሰው ናቸው ብለን ነው። ያን የመሰለ ልጅ ሰላምታ እንኳ ነፈግነው።»

ደብተሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ወይዘሮ አሰፋሽ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ለእኛስ ነገሩን። ለልጁስ?» አሉኝ።

«እጽፍለታለሁ።»

«እንግዲያው መሬቴ ለሰኔ አራሽ እንደሌለው አብረው ይጻፉለት። እኔም አምኜ ማስወጣቴን አይደብቁልኝ። ደግሞ እንደ ልማድዎ ሰባት ገጽ አድርገው ልጁን እንዳያደክሙት!»

ስለዚህ አሳጥሬ እጽፋለሁ። መሬቱ አለ፤ የፈለጉትም አንተን ነው። አብዱልናስርም ከዚያው ከእንደርታው ስንዴ ዘር እንድትሰጠው ይለምንሃል። የመደቦቹን ስንዴ ሰኞ ዕለት ከነሥሩ ነቅዬ ለላሞቼ ሰጠሁት፤ ቦዩንም ደፈንኩት። ከእንግዲህ በእኔ ግቢ በበጋ የሚከርም ስንዴ አይኖርም። በበሽታው በኩል ማድረግ የሚገባኝ ይህ ነው። በአንተ በኩል ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግን እንደ እኔ ላለ የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው የሚነግረው አጥቻለሁ።

ብትመጣ እኔ ቤት የማረፍ ግዴታ የለብህም፤ ወይዘሮ አሰፋሽ የጓሮውን ክፍል አሰናድተዋል። ትልሙ ጠመመ፣ ዘሩ በዛ ልልህ ወደ ማሳው አልወርድም። ካልጠራኸኝ ቤቴ እቀመጣለሁ። ከጠራኸኝ ግን ዳገቱ አያግደኝም።

እግዚአብሔር ለቤትህ ሰላምን፣ ለማሳህ በልኩ ዝናብን ይስጥልህ። ልጆችህ ቃላቸው የሚታመን፣ ሲሳሳቱም ቶሎ የሚመለሱ ይሁኑ። አጎታችሁ ደኅና ነው በላቸው።

ወንድምህ
ገብረትንሣኤ