አምፕሊፋየሩን ካጠፉ በኋላ ስላደረጉት ንግግር

ለተከበሩ የፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ እጠይቃለሁ። በተለይ ጉሮሮዎ። ባለፈው ሳምንት ዓርብ ለእኔ፣ ለጡረተኛው የድምፅ ቴክኒሺያን፣ ሽኝት ሲባል አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለደከመ ከእኔና ከባለቤቴ ሐሳብ አልወጣም። ደብዳቤዬን በፋብሪካው በር ላይ መለጠፌ እንዳያስቀይምዎ፤ እርስዎ ያመሰገኑኝ በሕዝብ ፊት ስለሆነ እኔም በጓዳ ማመስገኑ ነውር መስሎኝ ነው።

በፊርማዎ የደረሰኝ ማስጠንቀቂያ፣ የአዳራሹን አምፕሊፋየር ሆን ብዬ በማበላሸት ሥነ ሥርዓቱን እንዳወክሁ ይገልጻል። ክሱን በትሕትና ተቀብያለሁ። ጥቂት የማስተካክላቸው ነገሮች ብቻ አሉ።

አንደኛ፣ ያ አምፕሊፋየር እርስዎ ወደዚህ ከመምጣትዎ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት በአራት ካፓሲተሮች ብቻ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅሙ ትንንሽ ጣሳ መሰል ዕቃዎች፣ ያለ እንከን ሠርቷል። እርስዎ ግን ድምፅዎ በአዳራሹ ውስጥ ሲጢጥ እንደሚል ደረሱበትና ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ መሆኑን ወዲያው ለይተው አወቁ። አቅም እንድጨምርበት አዘዙኝ። ስምንት ካፓሲተር አስመጥተው ላኩልኝ፤ ውስጡ አልበቃ ስላላቸው ጎኑ ላይ የቆርቆሮ ሣጥን ሠርቼ በገዛ እጄ በየድኳቸው። ድምፅዎ አልወፈረም። ይህ የእኔ ጉድለት ነው፤ ካፓሲተር የሚሞላው የኤሌክትሪክን ጉድለት ብቻ መሆኑን አስቀድሜ ማስረዳት ነበረብኝ።

ሁለተኛ፣ ሌላውን ግን አስረድቼ ነበር። ይህን ሁሉ ካፓሲተር የተሸከመ መሣሪያ ቢያጠፉትም ወዲያው ዝም አይልም፤ ባጠራቀመው ኤሌክትሪክ ዘጠኝ ሰከንድ ያህል ሥራውን ይቀጥላል። ሰዓት ይዤ ለክቼዋለሁ። ስለዚህም ማጥፊያው አጠገብ “ካጠፉ በኋላ እስከ አሥር ይቁጠሩ” የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። የመድረኩን ውበት ያበላሻል ብለው የነቀሉት እርስዎ ነዎት። እውነትም መድረኩ በዓርቡ ዝግጅት አምሮበት ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ሽኝቱ። የፋብሪካው ባለውለታ አሉኝ። ከአዳራሹ ጀርባ ያለችውን፣ እኔና ባለቤቴ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርንባትን አንድ ክፍል ቤት ዕድሜ ልካችንን እንድንኖርባት መፍቀድዎን ለሠራተኛው አበሰሩ። ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ፤ ባለቤቴ በመሐረብ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ጭብጨባው ጋብ ሲል በራስዎ እጅ አምፕሊፋየሩን አጠፉና፣ ማይክሮፎኑ አፍንጫዎ ሥር እንዳለ፣ ወደ አስተዳደር ኃላፊው ዞር ብለው ተናገሩ። “ሰኞ ዕቃቸውን አስወጣና ቁልፉን ለሾፌሬ ስጠው። ደንቆሮው እንደሆነ ያልኩትንም አልሰማ።”

እውነትዎን ነው፤ አልሰማሁም። ዕድሜውን በድምፅ ማጉያ ሥር ያሳለፈ ጆሮ ነው፤ የቀኙ ከሞተ ቆይቷል። የሰው ፊት ሲለዋወጥ አይቼ መሣሪያው ያጉረመረመ መሰለኝና አፈርኩ፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ፈገግ እያልኩ፣ ለእርስዎ እጅ መንሳቴን ቀጠልኩ። ባለቤቴ መጥታ የተናገሩትን በግራ ጆሮዬ እየጮኸች አንድ በአንድ ደገመችልኝ። ደንቆሮ የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ከኋላ የተቀመጠች የሽመና ክፍል ሠራተኛ ጨረሰችላት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተዋርጄ አላውቅም።

አራተኛ፣ በማግስቱ ባወጡት ማስታወቂያ፣ የተሰማው ነገር የመሣሪያ ብልሽት የፈጠረው እንጂ የእርስዎ ቃል አለመሆኑን አሳውቀዋል። እንደ ባለሙያ ልመስክር፤ አምፕሊፋየር የሰጡትን ያጎላል እንጂ ከራሱ አንዲት ቃል አይፈጥርም። እያሰበ የሚናገር መሣሪያ መሥራት ብችል ኖሮ መጀመሪያ የማስቀምጠው በእርስዎ ወንበር ላይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ዕቃችን በሰዓቱ ወጥቷል፤ አልጋው፣ ሁለቱ ወንበሮች፣ የመበየጃ ካውያዬም። ሾፌርዎ ቁልፉን ሲቀበል ቀና ብሎ ሊያየን አልቻለም፤ ይህን እንደ ነውር እንዳይቆጥሩበት አደራ። ቃልዎን ስላከበሩ አመሰግናለሁ፤ ሠራተኛውም የትኛው ቃልዎ እንደሚከበር ስላወቀ ያመሰግንዎታል። ይህን የምጽፈው ከባለቤቴ እኅት ቤት ነው። ባለቤቴ ከዓርብ ወዲህ ብዙ አትናገርም፤ ስትናገርም ወደ ጆሮዬ ቀርባ በቀስታ ነው፣ መጮኽ አስጠልቷታል።

ወንበርዎን ያጽናልዎት፤ ከእርሱ ወርደው ከእኛ መካከል ቢቀመጡ የት እንደምናስቀምጥዎ አናውቅምና።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ደንቆሮው

ማስታወሻ፦ ስምንቱን ካፓሲተሮች አስነቅለው መሣሪያው አሁን እንዳጠፉት ዝም እንደሚል ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በትናንቱ ስብሰባ ንግግርዎን ጨርሰው ሲያጠፉት አንድም ሰው አለማጨብጨቡን፣ ከወንበሩም አለመነሣቱን ግን በክፉ አይውሰዱት። ሁሉም እስከ አሥር እየቆጠረ ነበር።