አንቺ የሌለሽበት ሩጫ

ፌንጣዬ፣
ታክሲው ደጅ ቆሟል። ስትነቂ አውሮፕላን ላይ ነኝ።
በረዶው ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ በፎጣ ጠቅልለሽ ጉልበትሽ ላይ ያዢው። ደረጃ እንዳትወርጂ። ሐሙስ ጎረቤታችን ሹፌሩ ሐኪም ቤት ያደርስሻል።

ትናንት «እኔ ከቡድኑ ከወጣሁ፣ ማንን ልታዪ ነው ለዓለም ሻምፒዮና ውጭ አገር ድረስ የምትሄጂው?» ስትዪኝ ሻንጣዬን መዝጋት ቀጠልኩ።
ትኬቱን የቆረጥኩት አንቺን ስትሮጪ ላይሽ ብዬ ነው፤ ታውቂያለሽ።

ጉልበትሽ የተጎዳ ቀን፣ ልምምድ ላይ «ጉልበቴን አመመኝ» ስትዪኝ፣ ሰዓቱን እያየሁ «ያልፋል፣ አንድ ዙር ጨምሪ» ያልኩሽ እኔ ነኝ። አንድም ቀን አላነሳሽብኝም።
ብታነሺው ይሻለኝ ነበር።

የውድድሩ ቀን ሶፋው ላይ አጠገብሽ ተቀምጬ፣ ሌሎቹ በቴሌቪዥን ሲሮጡ ፊትሽን ማየቱን ከአሁኑ ፈራሁት።
የምሄደው ለዚያ ነው።

እህትሽ