የአልማዝ አገር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሳውዝ ሲ፣ ኬንያ

ዛሬ ከልጄ ከሰብለ ጋር ዌስትላንድስ ወዳለው የሥዕል አዳራሽ ሄጄ ሟቹ ባለቤቴ የሣለውን ሥዕል በኤግዚቢሽኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ባለሦስት ማዕዘን ተራሮቹም፣ ጥላ የሌላቸው ቀለሞቹም እንደነበሩ ናቸው። ከሥሩ የለጠፉት ጽሑፍ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ተጽዕኖ እንዳለበት ይናገራል። ቀይና ቢጫን ሳያደባልቅ ጎን ለጎን ማኖርን የተማረው ግን ቤተ ክርስቲያን ይሥሉ ከነበሩት አጎቱ ነው። እንዲያርሙት ነገርኳቸው።

የአዳራሹ ኃላፊ ወጣት ኬንያዊት ናት። “የአልማዝ አገር” የሚለውን ርዕስ ሰብለ ስትተረጉምላት ሳቀች።

“ማማ፣ ይሄ እኮ የእኛው የንጎንግ ተራራ ነው! አራቱን ጉብታዎች አያዩም እንዴ?”

“እማዬ፣ ላስታ ነው ስትዪን አልነበር?” አለች ሰብለ።

ቆጠርኳቸው። አራት ናቸው። የተወለድኩበት የላስታ አምባ አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ጂኦግራፊ ሳስተምር ስንት ጊዜ በሰሌዳ ላይ ሥዬዋለሁ። ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሎ የኖረውን ይህን ሥዕል ግን አንድም ቀን አስተውዬ አላየሁትም። “አልማዝ፣ አገርሽን ሣልኩልሽ” ብሎ ሰጠኝ፤ ተቀበልኩት።

“ርዕሱ ይቀየር?” አለችኝ ልጅቷ።

አላዘንኩም፤ አልተናደድኩምም። “ይቆይ” አልኩ።

ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ ቆሜ ንጎንግን አየሁ። እሱ እዚሁ ቆሞ ሲሥል፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው የተማሪዎች ፈተና አርም ነበር። አገርሽ ያለኝ ላስታን ይሁን ይህን፣ አሁን ማንን እጠይቃለሁ።