የተለጠፈው ክንፍ

ይድረስ ለልጄ ለአባይነህ፤ የእንጦጦው ራጉኤል በክንፉ ይጋርድህ።

እኛ ደህና ነን። ላሚቱ ወልዳለች። አባትህ ከቀበሌ ስብሰባ በመጣ ቁጥር ራሱን አሞት ይተኛል።

ግን ከባሕር ማዶ ምን ጉድ ነው የጻፍክልኝ? «የተሰነጠቀውን የአውሮፕላን ክንፍ ጨርቅ የመሰለ ነገር በሙጫ ለጥፈን እንጠግናለን፤ ከዚያ በሳንቲም እያንኳኳን ድምፁን እናዳምጣለን» የሚለውን እህትህ ዘውድነሽ ስታነብልኝ አላምን ብዬ ደግሜ አስነበብኳት። በሙጫ! ሰው ተሳፍሮበት! አንተንስ የወሰደህ እንዲህ ያለው ነበር? አባትህ «ሳይንስ ነው» ይለኛል። እሱ ምን ያውቃል?

ማንኳኳቱን እኔም አውቀዋለሁ። ሾላ ገበያ ጋን ሳላንኳኳ ገዝቼ አላውቅም፤ ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ትልቁ ጋናችን የተሰነጠቀ ጊዜ ደፈንኩት፤ ባንኳኳው ጮኸልኝ። ከዚያ ዓመት ሙሉ ዳግመኛ አላንኳኳሁትም። ለራጉኤል ዝክር ጠላ ሞልቼበት፣ እንግዳው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ለሁለት ተከፈለ። ጠላው የቄሱን እግር አጠበ! «ጋኑ አርጅቶ ነው» ብዬ ጥፋቴን ሸፈንኩ፤ ዘውድነሽም እውነቱን የሰማችው አሁን ስትጽፍልኝ ነው።

አደራህን ልጄ፣ አንዴ ደህና ነው ብለህ የተውከውን ተመልሰህ አንኳኳው። አትሰልች። አንተ የምትመጣበትን አውሮፕላን የሚያንኳኳው የሌላ እናት ልጅ ነው። ስሙን ባላውቀውም፣ እሱም እንዳይሰለች ለራጉኤል ጧፍ ተስያለሁ።

እናትህ ፈትለወርቅ