ድንኳኑን ማን ይጎትት

ሰኞ፣ መስከረም 26

ጠዋት ኪዳን አድርሼ መጣሁ። የመኪናዋን ዘይት አየሁ፣ ውሃ ጨመርኩ። ረፋዱ ላይ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ለቅሶ አለ ተባለ። የእድሩን ተሳቢ አገናኝቼ ወሰድኩ። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ሁሉም በዚያ ዝግ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው። መጋዘናችን ለመንገድ ከፈረሰ ወዲህ ተሳቢው ራሱ መጋዘን ሆኗል። ይከብዳል። አሮጌዋ ላንድክሩዘሬ ናፍጣዋን እያጨሰች ትጎትተዋለች። ከኔ በቀር የሚነዳ የለም... ወይስ ፈልገን አናውቅም?

የሟች ልጆች እያለቀሱ ወጡ። እኔ ገመድ እያጠበቅኩ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ቤት ገብቼ የትናንቱን ሽሮ አሙቄ በላሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

ልደታ። ከቅዳሴ በኋላ ልጄን ኑኃሚንን ደጀ ሰላሙ አጠገብ አገኘኋት። ጉንጬን ስማኝ የምታልፍ መስሎኝ ነበር፤ ቆመች። የእናቷን ሙት ዓመት አነሳን። ዘንድሮ እሑድ ይውላል። ምግቡን እሷና አክስቶቿ ይሠራሉ፣ ለካህናቱ እኔ እነግራለሁ። ድንኳኑን አመጣዋለሁ ስላት ፊቷ ተለወጠ።

«አባዬ፣ ድንኳኑን አንተ ከጎተትክ እኔ አልመጣም።»

ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ሰው እንዳይሰማ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ጠበል ሳልጠጣ ወጣሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ያን ቀን ልጻፈው። ጽፌው አላውቅም።

ሚስቴ መሰለች ጎህ ሲቀድ አረፈች። ዓይኗን ከደንኩ። አገጯን በነጠላ አሰርኩ። ከዚያ... ወጣሁና መኪና አስነሳሁ። ተሳቢውን ካለበት አገናኘሁ፤ ወደኋላ እየነዳሁ በገዛ ቤቴ በር አስገባሁት። እጄ የሚያውቀው ያንን ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን አመጣለሁ። የሞተችው ሚስቴ መሆኗን እጄ አልሰማም መሰለኝ። ጎረቤት ወጥቶ «የማን ለቅሶ ነው፣ ጋሽ ተክሌ?» ሲለኝ መሰላል ላይ ነበርኩ። «የመሰለች» አልኩ። ሰውየው አፉን ይዞ ቀረ።

ለኑኃሚን ገና አልደወልኩም ነበር። እሷ ለእናቷ አጥሚት ይዛ መጣች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ድንኳኑን አየችው። ለሰው ልጅ መርዶ የሚነገረው በሽማግሌ ነው፣ ተቀምጦ፣ ተይዞ። ልጄን ያረዳት ሸራ ነው።

ከዚያም አልተቀመጥኩም። ሐዘንተኛ ይቀመጣል እያሉ ቁልፉን ሊቀበሉኝ ሞከሩ። ችንካር ሳጠብቅ፣ ወንበር ሳስተካክል ሦስቱ ቀን አለፈ። አላለቀስኩም። እስካሁንም አላለቀስኩም። አምላኬ፣ ይሄ ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጠኸኝ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ዝናብ። መኪናዋን አላስነሳኋትም።

አርብ፣ ጥቅምት 7

የእድሩ ዳኛ ሀብተሥላሴ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን በደፈናው አጫወትኩት። ለዚያ ቀን ሌላ ሹፌር ቢገኝ... አልኩ። አይሱዙ እንከራይ አለኝ። ዕቃውን ሁሉ አራግፎ መጫን ሊኖር ነው አልኩት። አንድ የማውቀው ሹፌር አለ፣ ያንተን መኪና ይንዳት አለ። ፍሪሲዮኗን ሰው አይችለውም አልኩት። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

ሀብተሥላሴ መነጽሩን አወለቀ። «ተክለጻድቅ፣ ሰው ነው የጠፋው ወይስ አንተ ነህ ቁልፉን የማትሰጠው?»

እየሳቀ ነው ያለው። እኔ ግን እስከ ቤቴ ይዤው ሄድኩ። ቁልፉን ብሰጥ የሚቀረኝ ምንድነው? መቀመጥ ነው። እሱን ነው የፈራሁት?

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ቶሌሳን ጠየቅኩት። ጌጃ ሰፈር ብየዳ ቤት ያለው። ተሳቢውን የሠራው እሱ ነው፤ ነድቶት ግን አያውቅም። እሺ አለኝ፣ ለምን እንደሆነም አልጠየቀኝ። ሰምቷል ማለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ቤቶቹ የፈረሱበት ባዶ ቦታ ወሰድኩት። መጀመሪያ አጫጫኑን አሳየሁት፤ ከባዱ ዕቃ ወደ ፊት፣ ወደ መኪናው። ወደ ኋላ ከከበደ ተሳቢው ጭራውን ይወዘውዛል፣ መኪናውንም ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ወደኋላ መንዳት። ተሳቢው ወደ ቀኝ እንዲሄድልህ መሪውን ወደ ግራ ስጠው አልኩት።

«እንደ ባለቤቴ ነዋ» አለ ቶሌሳ። «ቤት እንድትቀመጥልኝ ከፈለግኩ፣ ውጪ ነው የምላት።»

ከዚያ ደነገጠ፣ በባለ ሐዘን ፊት ስለ ሚስት በማውራቱ። ጎንበስ ብሎ የጎማውን ታኮ ማየት ጀመረ። ሳቅኩ መሰለኝ። ቢያንስ አፌ ተንቀሳቅሷል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ከቶሌሳ ጋር ቁልቁለት ልንለማመድ ወጣን። በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፣ ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬን ላይ አትቁም አልኩት። ሚኒባስ ፊቱ ገባበትና ቶሌሳ ደንግጦ ፍሬኑን ረገጠ። ተሳቢው ከኋላ ገፋን። በስፖኪዮ አየሁት፣ ቆርቆሮው ወደ ጎን ሲመጣ። እጄን ሰድጄ መሪውን ያዝኩበት። ደግነቱ መንገዱ ሰፊ ነው፤ ጥግ ይዘን ቆምን። ሚኒባሱ ምንም ሳያውቅ ሄደ።

ቶሌሳ ላቡን ጠረገ። ተቆጥቶ ነበር፣ ግን እርስዎ ማለቱን አልተወም።

«ጋሽ ተክሌ፣ ወይ ይንዱት ወይ ይተዉልኝ። ሁለት ሰው አንድ መሪ አይዝም።»

ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ። እሱ ብቻውን ይዞት መጣ። ደርሶ ሲያቆመው ስልክ እንጨት አጠገብ ቆሜ አየሁት። በደንብ ነው ያቆመው። ደስ አላለኝም። ለምን ደስ አላለኝም?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ጌጃ ሰፈር ለቅሶ። ቶሌሳ ሥራ ይዞ ስለነበር እኔው ወሰድኩ። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፣ ዱጉማ የሚባል፣ ጠንካራ ሰው፣ የወፍጮ ቤት ባለቤት። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ግራና ቀኝ ይዘውታል። ልጁ ጉልበቱ ላይ ናት፣ ጀርባዋን እያሻሸ ያለቅሳል።

ገመዱን ይዤ ቆሜ አየኋቸው። መቀመጥ ለራስ ብቻ አይደለም ለካ። የኔ ልጅ ያን ጊዜ የማን ጉልበት ላይ ነበረች?

ስመለስ ልደታ ደጅ ቆምኩ። ጸሎት አልመጣልኝም። ቆምኩ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ቁስቋም። ማታ ለቶሌሳ ቁልፉን ሰጠሁት። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ያመጣዋል። ፍሪሲዮኗን ቀስ በል አልኩት። የእጅ ፍሬኗን አትመናት፣ ታኮ አድርግ አልኩት። ግራ ስፖኪዮዋ ይላላል አልኩት... «ጋሽ ተክሌ፣ ይደሩ» ብሎኝ ሄደ።

ለኑኃሚን ደወልኩ። ቶሌሳ ነው የሚያመጣው አልኳት። «እሺ አባዬ» አለች። ሌላ አልተባባልንም።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ፍትሐቱ ደረሰ። ቤት መጥተን ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። ኑኃሚን ከጎኔ ተቀመጠች፣ በመሃላችን የአንድ ሰው ቦታ ትታ።

ከሩቅ መጣ። የናፍጣው ጉርምርምታ፣ ከኋላው የቆርቆሮው ኳኳታ። ስንት ዓመት ስጎትተው ከውጭ ሆኜ ሰምቼው አላውቅም። ለካ እንዲህ ነው የሚሰማው። ለካ ሰው ይሄን ሲሰማ ነው እጁ ያለበት ላይ የሚቀረው።

በሩ ላይ ሲደርስ ቶሌሳ ወደኋላ ማስገባት ጀመረ። ገባ፣ ወጣ፣ ተጣመመ። ሞተሩ ጮኸ። ሰዎች ዞረው እኔን አዩኝ። ግራ ስጠው፣ ግራ... በልቤ ነው። ጉልበቴ ሊነሳ ሲል ኑኃሚን አየችኝ። ጉልበቴን በእጄ ያዝኩት።

ከዚያ ተሳቢው የግንቡን ጥግ ገጨ። ድንጋይ ተንከባለለ። ቶሌሳ ኮፍያውን አውልቆ ገባ፣ ፊቱ ጠቁሮ።

«ጋሽ ተክሌ... ግንቡን ነካሁት።»

«ይነካ» አልኩ።

ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። ወጣቶቹ ድንኳኑን ወጠሩ። በምሥራቅ በኩል ያለው ገመድ ላልቶ ነበር። አየሁት። እንደላላ ቀረ። ጥላው መጥቶ ሲያርፍብን ልጄ ያን የሰው ቦታ አልፋ ተጠጋችኝ፣ የነጠላዋን ጫፍ ሰጠችኝ። ለምን እንደሰጠችኝ አልገባኝም ነበር። ፊቴን ስነካው ለካ ረጥቧል።

«መሰለች» አልኩ። እንደ መልስ አይደለም፣ አሁን። ልጠራት ነው።

አመሻሽ ላይ ቶሌሳ ቁልፉን ሊመልስልኝ መጣ። አንተ ዘንድ ይቆይ አልኩት።