ስለተጨመሩልኝ ሃያ ሦስት ዓመታት

ግንቦት 12 ቀን 1975 ዓ.ም.
በቀበሌው አዳራሽ በር ላይ፣ በግድግዳ ጋዜጣው «ሂስና ግለ ሂስ» ዓምድ ሥር የሚለጠፍ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለጓድ ተክሌ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ለጉልበት እንደማይበጅ እኛ አሮጊቶች እናውቀዋለንና የአዳራሹን ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ይጠንቀቁልኝ። እኔ በቀበሌው መዝገብ መሠረት የሰባ ዓመት ባልቴት፣ በእናቴ ቆጠራ ደግሞ ጣልያን በገባ ዓመት የተወለድሁ የአርባ ሰባት ዓመት ሴት፣ የመድረክ ተዋናይዋ ሎሚ በዳዳ ነኝ። ማንኛውም ነዋሪ ሂሱን በዚህ ዓምድ ያለ ፍርሃት እንዲጽፍ በየስብሰባው ስለሚያሳስቡን፣ ዝም ማለቴ ራሱ ሌላ ጥፋት እንዳይሆንብኝ ብዬ ጽፌአለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ዕድሜዬ ምስጋና ላቅርብ። አምና በሠራተኞች ቀን በአዳራሻችን ሦስት ልጆቿን ወደ ጦር ሜዳ የሸኘች የሰባ ዓመት እናት ሆኜ ስጫወት፣ ፀጉሬ ላይ የነሰነስሁት ዱቄት ከፊት ወንበር ለተቀመጡት ለእርስዎ እውነተኛ ሽበት መስሎ መታየቱ ለሙያዬ ትልቅ ክብር ነው። መሀረብዎን ሲያወጡም ከመድረክ አይቻለሁ። በጥቅምት ወር ነዋሪው ሲመዘገብ እኔ ልምምድ ላይ ስለነበርሁ፣ ቅጼን በራስዎ እጅ ሞልተው «ዕድሜ» በሚለው ቦታ ሰባ ብለው መጻፍዎን መታወቂያዬ ሲደርሰኝ ተረዳሁ። በሃያ አምስት ዓመት የመድረክ ሕይወቴ ጭብጨባም አበባም ተሰጥቶኛል፤ ሃያ ሦስት ዓመት የሸለመኝ ተመልካች ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።

ሁለተኛ፤ ስለ ትዳር ነው። በመጋቢት ወር የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ከሚጠብቀው ከአቶ ሂርጳ ጋር ለመጋባት ማዘጋጃ ቤት ስንሄድ፣ ያላገባሁ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌዬ እንዳመጣ ተነገረኝ። እርስዎም የሰባ ዓመት እናት የሚያስፈልጋት ጧሪ እንጂ ባል እንዳልሆነ፣ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳም እንዲህ ያለችውን አሮጊት የሚፈልጋት የቀበሌ ቤቷን ለመውረስ ካልሆነ በቀር ሌላ ምክንያት እንደማይታይዎት በትዕግሥት አስረዱኝ። ስለ ቤቴ መጨነቅዎን አመሰግናለሁ። ቤቱ አንድ ክፍል መሆኑንና ክረምት በገባ ቁጥር ከነአልጋዬ እንደሚያጥበኝ ሂርጳ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ጣራውን ባለፈው ሐምሌ የደፈነው እሱ ነውና።

እንዴት እንደተዋወቅን አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን ልንገርዎ። የዛሬ ሁለት ዓመት ወደ ራጉኤል በሚወስደው አቀበት፣ ዛፎቹ መሀል ገብቼ ለቅሶ ስለማመድ፣ ሰው የሚገደል መስሎት ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣ። ትያትር መሆኑን ስነግረው አልሳቀብኝም። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እስክጨርስ ጠበቀኝና ሁለተኛው ለቅሶ ከመጀመሪያው እንደሚሻል ነገረኝ፤ ልክ ነበር። እስከ ዛሬ ዕድሜዬን ጠይቆኝ አያውቅም። ዱቄቱን ታጥቤ ስወጣ በር ላይ የሚጠብቀኝ ሰው ኖሮኝ ስለማያውቅ፣ ይህንን ማጣት አልፈልግም። እወደዋለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ምስክር። ዕድሜዬ እንዲታረም ባመለከትሁ ጊዜ ሦስት ምስክሮች እንዳቀርብ አዘዙኝ። አጎቴ አቶ ፉፋ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ከእንጦጦ ጀርባ በእግራቸው መጥተው መሰከሩ። በአንድ ክረምት የተወለድነው አብሮ አደጌ ወይዘሮ ፋዲላም ወሰን ሰፈር ያለውን ሱቋን ዘግታ መጣች። ሦስተኛው ግን የግድ የቀበሌው ነዋሪ፣ በአብዮታዊ ሥነ ምግባሩ የተመሰገነና እኔን በቅርብ የሚያውቅ መሆን እንዳለበት ሲያስታውቁኝ፣ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ላምጣ እያልሁ ሁለት ወር ደጅ ጠናሁ። ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

ዓምዱ ግለ ሂስም ይጠይቃልና አራተኛው ተራ የእኔ ነው። በኅብረት ሱቁ ስኳር በመጣ ቁጥር «እማማ ይለፉ» ስባል፣ ወገቤን ትንሽ ጎበጥ አድርጌ ሰባት ወር ሙሉ ከሰልፉ ፊት አልፌአለሁ። ጎረቤቶቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዚህ የባሰም አለ። በትያትር ቤቱ ማኅደር ዕድሜዬ ሠላሳ ስምንት ነው፤ ያስጻፍሁትም እኔው ነኝ። ሙሽራ ሆኖ መጫወት ከእጄ እንዳይወጣ ፈርቼ ዘጠኝ ዓመት ሰረቅሁ። ባለፈው ወር የሙሽራዋ ቦታ ለሃያ ሁለት ዓመቷ ለሰዓዲያ ተሰጠ። አረማመዱን ያስተማርኋት እኔ ነኝ፣ ከእኔም ይልቅ ያምርባታል፤ እንዲያም ሆኖ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ አለቀስሁ። ያንን ለቅሶ አልተለማመድሁትም።

እንግዲህ አንዱ መዝገብ ሠላሳ ስምንት፣ ሌላው ሰባ ይለኛል፤ አርባ ሰባቱን ዓመት የኖረችው ሴት የትም አልተጻፈችም። ለትያትር ቤቱ የማረሚያ ደብዳቤዬን ዛሬ ጠዋት አስገብቻለሁ፤ የእርስዎ ድርሻ ይቀራል። በሕይወቴ ሙሽራ የሆንሁት በሰው ልብስና በሰው ስም ነበር። አሁን ግን በገዛ ስሜና በገዛ ዕድሜዬ መዳር እፈልጋለሁ።

የኃላፊነትዎ ብዛት እጅዎን ሳያዝለው ሁለት አኃዝ የምታርም ብዕር እንዲያገኙ እየተመኘሁ፣ በመዝገብዎ እናትዎ፣ በአዳራሽዎ አስለቃሽዎ፣ በደጅዎ ባለጉዳይዎ፣ በቤቴ ግን የሂርጳ እጮኛ፤

ሎሚ በዳዳ

ማስታወሻ፤ ሦስተኛውን ምስክር አግኝቻለሁ። ሣጥኔን ሳገላብጥ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ሙሽራ ሆኜ በተጫወትሁ ማግስት የላኩልኝን ሽቶና በእጅዎ የጻፉልኝን ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ አገኘሁ። ያን ጊዜ መልስ ስላልሰጠሁዎት ይቅርታ። በመዝገብዎ ስሌት ያኔ ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ደብዳቤው ግን «ለጋዋ አበባዬ» ብሎ ይጀምራል። ጸሐፊው የቀበሌው ነዋሪ፣ በሥነ ምግባሩ የተመሰገነና እኔን በቅርብ ለማወቅ አጥብቆ የተመኘ በመሆኑ መስፈርቱን ያሟላል። ሽቶውን እንደታሸገ ለጽሕፈት ቤትዎ መልሻለሁ። ደብዳቤው ለጊዜው እኔ ዘንድ ነው፤ እስከ ዓርብ ዕድሜዬ ካልታረመ ግን ከዚሁ ሥር ይለጠፋል። ሙጫ ገዝቻለሁ።