ወንበሬን ለሌላ ስጡልኝ

አባዬ፣

ይህን የት ብዬ እንደምልክልህ አላውቅም፤ ብቻ ልጻፈው። ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው በረዶ ወረደ። መኪናህ ደጅ ላይ ነጭ ሆና ቆማለች። እማዬ መንዳት እየተማረች ነው። ከጎኗ አስቀምጣ እስከ ሞርስ ሮድ ትወስደኛለች፤ መሪውን የምትይዘው እንደ ሕፃን አንገት ነው። ብቻዋን ለመውጣት ግን ገና ናት። ኢምራን በቁመት አልፎሃል። እማዬ በአማርኛ ስትቆጣው ወንድሜ አሁንም በእንግሊዝኛ ይመልሳል።

ደህና ነን። ይህን ስጽፍ እውነት መሆኑን ለማጣራት ቆም አልኩ። አዎ፣ ደህና ነን።

ለሰው ሁሉ «ልጄ ድጋሚ ዶክተር ልትሆን ነው» ትል ነበር። ሰዎቹ ግራ ሲገባቸው ታስረዳቸዋለህ፤ አገር ቤት የተማርኩት ሕክምና እዚህ አሜሪካ እንዲያሠራኝ አንድ ሆስፒታል ተቀብሎ ለዓመታት ሊያሠለጥነኝ እንደሚገባ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ቃለ መጠይቅ እንዳለ። ከእኔ የተሻለ ታስረዳው ነበር። አንተ ባረፍክበት ዓመት የጠራኝ አንድ ሆስፒታል ብቻ ነው፤ እሱም አልወሰደኝም። ዘንድሮ ግን ጥሪው መጣ። ከቅርብም ከሩቅም።

ጥሪ ሲመጣ ቀኑን ቶሎ መምረጥ ነው፤ ከዘገየህ ሌላው ይወስደዋል። ከምሠራበት ክሊኒክ መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ ስልኬን ይዤ፣ የመጣውን ሁሉ እሺ አልኩ። የማልሄድበትንም ጭምር። ጠሪ አክባሪ ነው። ደግሞም፣ ካጣሁስ?

ቃለ መጠይቁ በኮምፒውተር ነው። በቤታችን ምንም ያልተሰቀለበት ግድግዳ ያለው ካንተ ወንበር ጀርባ ብቻ ነው። ካንተ በኋላ ማንም አልተቀመጠበትም፤ እማዬ የታጠፈ ልብስ ትደረድርበት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ልብሱን አነሳችልኝ። ከላይ ኮት፣ ከታች ፒጃማ ለብሼ ተቀመጥኩ። እሷ ካሜራው በማያያት ጥግ የኢድ ሻርፗን ለብሳ ቆማለች። «ድንገት ዞር ቢልስ?» አለችኝ።

ከጥሪዎቹ ሦስቱ በአውሮፕላን ከሚኬድበት ስፍራ ናቸው፤ ቢወስዱኝ ለዓመታት የምኖረው እዚያ ነው። እማዬን ትቼ አልሄድም፤ ይህንን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ግን መሰረዝ? አምና ሙሉ በር ሳንኳኳ ከርሜ፣ ዘንድሮ የተከፈተልኝን በገዛ እጄ ልዝጋው? ቅርብ ያሉት ባይወስዱኝስ?

ዘዴ አገኘሁ። እስከ ቀኑ ይዣቸው እቆይና፣ ሲደርስ አሞኛል እላለሁ። ለእማዬ ነገርኳት። «ሐኪም ሆነሽ በራስሽ ላይ ታሟርቻለሽ?» አለች። አባዬ እኮ ጥሪ እምቢ ብሎ አያውቅም አልኳት። ሳቀች። ካንተ በኋላ እንዲያ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር።

የጋሼ ሰዒድ ልጅ ኒካህ ዋዜማ ትዝ ይልሃል? ከሥራ ይዘኸኝ ስንመለስ ጋሃና ሰፈር፣ ደጃቸው ላይ አቆምክና «መጣሁ» ብለኸኝ ገባህ። እንኳን ደስ አላችሁ ልትል የገባህ መስሎኝ መኪና ውስጥ ጠበቅኩህ። ለካ በማግስቱ ኤርፖርት ተረኛ ስለነበርክ እንደማትመጣ ልትነግራቸው ኖሯል። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር አለችኝ እማዬ። በስልክ አይደለም፤ ቀኑ ሲደርስም አይደለም። አስቀድመህ፣ በእግርህ ሄደህ። «ወንበሬን ለሌላ ስጡልኝ። ባዶ ወንበር የደጋሹን ፊት ያጠቁራል» ትላቸው ነበር።

ለሦስቱም ሆስፒታሎች ጻፍኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ረጅም ነበር፤ ስለ እማዬ፣ ስላንተ፣ ስለ በረዶው ሳይቀር። መጨረሻው ላይ መርቄያቸዋለሁ። ኢምራን በትከሻዬ አሻግሮ አነበበና «ሲስ፣ ይሄ ሰርግ አይደለም እኮ። በቃ በሁለት መስመር ካንስል አድርጊው» አለ። በአማርኛ መናገሩ ራሱ ገረመኝ። ቆረጥኩት። አመሰገንኩ፣ እንደማልመጣ ነገርኳቸው፣ ቦታዬን ለሚጠብቅ ሰው እንዲሰጡልኝ ለመንኩ። አንደኛው ሆስፒታል ያለችው ሴትዮ ወዲያው መለሰችልኝ፤ ቀደም ብዬ በመንገሬ አመሰገነችኝ፣ ዛሬውኑ ለሌላ ሰው እንጽፋለን አለች። ያን ሰው አሰብኩት። ምናልባት እሱም አንድ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ስልኩን ይዞ ቆሟል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ እዚሁ ከተማችን ያለ፣ በተጠባባቂነት ይዞኝ የቆየ ሆስፒታል፣ የቃለ መጠይቅ ቦታ ተገኝቷል ብሎ ጻፈልኝ። የማላውቀው ሰው አስቀድሞ ነግሮ ቀርቷል ማለት ነው። አላህ ይስጠው። የእኔ ተራ ማክሰኞ ነው። ይወስዱኝ እንደሆነ የሚታወቀው መጋቢት ላይ ነው፤ እስከዚያ ስጋቱ አይለቀኝም። ቢሆንም ደስ ብሎኛል። እማዬ ሻርፗን ከአሁኑ ተኩሳለች።

አባዬ፣ አልረሳህም ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን መሄድ ወደማልችልበት በተጠራሁ ቁጥር አስቀድሜ እነግራለሁ፤ በነገርኩ ቁጥር ከዚያ መኪና ውስጥ ሆኜ ስትገባ አይሃለሁ። የታጠፈው ልብስ ወደ ወንበርህ አልተመለሰም። ለሌላ ስጡልኝ ብለህ የለ?

እኔ ተቀምጬበታለሁ።

ልጅህ ዘሃራ